ከጨርቁ ጀርባ የታየ እጅ

ጨርቁን የሸመንኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ጨርቁን ማን እንደ ሠራው ያላወቀ ሰው የኋላውን ነገር አያምነኝም ብዬ ነው።

ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ላይ የሰፈረው ወንዙ አጠገብ፣ መንገዱ ወደ ደሴ በሚያቀናበት በኩል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ካሚዮን ይመጣል። በሆዱ መብራት የሚያመነጭ ሞተርና ሥዕል የሚተፋ መኪና ይዟል። ሥዕሉ የሚያርፍበት የራሳቸው ሸራ ነበራቸው፤ የእኛ ቆላ ነፋስ አንድ ቀን ከላይ እስከ ታች ቀደደላቸው። በማግሥቱ አስተርጓሚው ቤቴ መጣ። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነው፤ ምጽዋ ወርዶ ወደብ ላይ ሲሠራ ቋንቋቸውን ለምዶ ነው የተመለሰው። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፣ ጋሼ እለዋለሁ። እኔ ያን ጊዜ ሃያውን አልፌ፣ ሚስት አግብቼ፣ ከአባቴ በወረስኩት የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እሠራለሁ።

"ስምንት ክንድ በስድስት ክንድ ነጭ ሸማ እፈልጋለሁ" አለኝ።

"የማን መከናነቢያ ነው?"

"የማንም አይደለም። ይሰቀላል።"

"ማን ነው የሚሰቀለው?" አልኩት። በዚያ ዘመን ይሰቀላል ሲባል ጨርቅ ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም።

"ጨርቁ ነዋ" አለኝ። አልሳቀም።

የእኛ የሽመና ዕቃ ሰፊ ጨርቅ አይወልድም። ከክንድ ብዙ የማይበልጥ እየሠራሁ ጎን ለጎን ሰፋሁት። በኋላ ሥዕሉ ሲያርፍበት ስፌቱ በሰዎቹ ላይ ይሄድ ነበር። የአንዷ ሴት ፊት መሐል ለመሐል በእኔ ክር ተከፍሎ፣ ግማሹ ሲስቅ ግማሹ ሲያዝን መስሎ ይታየኛል።

ነጮቹ በወንበር ከፊት ይቀመጣሉ። አገሬው ከፊት እንዳይቀመጥ ተከልክሏል። ግን ጨርቅ ግድግዳ አይደለም። በወንዙ በኩል፣ ከጨርቁ ጀርባ አሸዋው ላይ የተቀመጠን ሰው የሚያባርር አልነበረም። መጀመሪያ ቀን ከጀርባ ያየነው ጭስ የመሰለ ነገር ነው፤ ደረቅ ጥጥ ሥዕሉን ይውጠዋል። በሁለተኛው ቅዳሜ ከወንዙ በቅል ውሃ ቀድቼ ረጨሁት። ያን ጊዜ ሥዕሉ ወደ እኛ አለፈ። ጋሼ ለአለቃቸው "ካልራሰ ነፋስ ይቀደዋል ይላል ሸማኔው" ብሎ ነገረልኝ። ውሸት ነው፤ ውሸቱ ግን የእሱ ነው። ከዚያ በኋላ ጨርቁን መስቀል፣ ማራስ፣ ሲያበቃ አጥፎ ቤት ማሳደር የእኔ ሥራ ሆነ።

እንዴት እንደነበረ መናገር ይቸግረኛል። የቆላው ሙቀት ገና ከአሸዋው አልወጣም፤ ተቀምጠን ከታች ይሞቀናል። ከፊታችን እርጥብ ጥጥ ይሸታል። ሰዎቹ ከውሃው ውስጥ እንደሚመጡ ሆነው ይመጣሉ፤ ነፋስ ጨርቁን ሲነካው ቤታቸው ይተነፍሳል፣ ደረጃቸው ይታጠፋል፣ ጥርሳቸው ይረዝማል። ውሃ ጠብ ሲል ከሰዎቹ ዓይን የሚንጠባጠብ ይመስላል። የሚናገሩትን ለይተን አንሰማውም፤ ብንሰማውም አናውቀው። ወንዙ ይናገራል፣ ከኋላችን የተንበረከኩ ግመሎች ያመሰኳሉ። ከእኛ ማን እንደ ነቃ ማን እንዳንቀላፋ አይታወቅም። አጠገቤ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከወንዙ ማዶ የማሽላ ጠባቂ ናቸው። ቀኑን ማማ ላይ ተቀምጠው ወንጭፍ ሲወነጭፉ ስለሚውሉ ቅዳሜ ሲመሽ ዓይናቸው ይከዳቸዋል። ግማሹን በዓይናቸው፣ ግማሹን በእንቅልፋቸው ነው የሚያዩት።

የሚመጣው ሥዕል ሦስት ዓይነት ነው፤ የጦር፣ የዘፈንና የፍርሃት። የፍርሃቱን ዛሬ የልጅ ልጆቼ ልብ አንጠልጣይ ይሉታል። እኔ የማውቀው የፍርሃቱን ነው። ሕግ አለው፤ ሕጉን ያስተማረን ጋሼ ነው። ከጨርቁ ጠርዝ ቆሞ፣ ግማሽ ፊቱ ለነጮቹ ግማሽ ፊቱ ለእኛ ሆኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይነግረናል። ከሥዕሉ ጋር የሚሰማው ዘፈን ሲወርድና ሲወፍር አንድ ሰው ሊጎዳ ነው ይለናል። ደረጃ ላይ ጥላው ከሰውየው ቀድሞ ከመጣ ሰውየው ለደግ አልመጣም። ባርኔጣው ዓይኑን የከደነ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ። ሴት መስተዋት ፊት ስትቀመጥ እሷን አትዩ፣ ከኋላዋ ያለውን መጋረጃ እዩ።

"መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ሰው ደግሞ እሱ አይደለም" አለን አንድ ቀን።

"እንዴት አወቅህ ጋሼ?"

"እሱ ሆኖ አያውቅማ። እሱ ከሆነ ቶሎ ያልቃል።"

"እሷ መጋረጃውን ለምን ዞር ብላ አታይም?"

"እናንተ ታውቃላችሁ፣ እሷ አታውቅም። ፍርሃቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።"

ይህ ነገር ሌላውን ያስደስተው እንደሆነ እንጃ፣ እኛን ግን ያስጨንቀናል። በእኛ አገር ያየ ሰው ይናገራል። አንድ በደል ተደርጎ አድራጊው ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ከአንድ ዛፍ ሥር ይሰበሰባል፤ አውጫጭኝ ይባላል። ሰውየው እስኪወጣ ወደ እርሻው የሚሄድ የለም። ያየ ወይም የሰማ ሰው ለሰብሳቢው ሽማግሌ በጆሮ ይናገራል። ሽማግሌው የነገራቸውን ሰው ስም አያወጡም፣ ወፍ ነገረችኝ ብቻ ይላሉ። ወፍም አትጠየቅም። አይቶ ዝም ያለ ከአድራጊው እኩል ነው። እንግዲህ እንዲህ ያደግን ሰዎች አሸዋ ላይ ተቀምጠን መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አየን፤ ለማን እንናገር?

ያ ሥዕል እንዲህ ነው። አንዲት ወፍራም ጉትቻ ያላት ሴት ፀጉሯን ታበጥራለች። ከኋላዋ መጋረጃ አለ። መጋረጃው በቀስታ ይከፈትና ጥቁር የእጅ ሹራብ ያጠለቀ እጅ ቢላዋ ይዞ ይወጣል። ፊት የለም፣ እጅ ብቻ። እጁ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ሥዕሉ ያለበት ረጅም ክር መኪናው ውስጥ ይበጠስና ጨርቄ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

"ማን ነው?" አልን ሁላችንም።

"የቀረው ክር ተቃጥሏል፤ እኔም አላውቅ" አለ ጋሼ። ከፊት ያሉት ነጮችም ያፏጩ ነበር። ካሚዮኑ ሌላ የፍርሃት ሥዕል ስላልነበረው ሦስት ቅዳሜ ያንኑ አሳየን፤ ሦስት ጊዜ እዚያው ላይ ተቆረጠ።

ሴትየዋ ፀጉሯን እንዳበጠረች ቀረች። እኔም ቤቴ ገብቼ ስተኛ ታበጥራለች፤ ሚስቴ ስትሆን አያታለሁ፣ ከዚያ እናቴ ትሆናለች፣ ከዚያ ማንም ሳትሆን ፀጉር ብቻ ይቀራል፣ ማበጠሪያው በድሩ ውስጥ ያልፋል። የእኛ ቤት መጋረጃ የለውም። የማሽላ አገዳ አጥር ግን አለው፤ ነፋስ ሲነካው ይከፈታል ይዘጋል። በዚያ ወር ሰው ሁሉ አጥር ሲንሿሿ ቆሞ የሚያይ ሆነ።

አሁን ግመለኛው ጓደኛዬን ላምጣው። አብሮ አደጌ ነው። ከአሊዩ አምባ ጨውና በርበሬ ይጭናል፣ ከዚህ ጥጥ ይወስዳል። ግራኝ ነው። ምግብ በቀኙ ይበላል፣ ሃይማኖታችን ነውና፤ ሌላውን ሁሉ፣ ዱላውን፣ ቢላዋውን፣ የግመሉን ገመድ በግራው ይይዛል። እኛ ከጀርባ ስናየው ደግሞ ከመጋረጃው የሚወጣው እጅ ግራ ነበር። ስለዚህ ቀልዱ ተጀመረ።

"አንተ፣ ያቺ ሴት ምን አደረገችህ?" ይሉታል ገበያ ላይ።

"በርበሬ በዱቤ ወስዳ ካደችኝ" ይላል። ይስቃል፣ ይሳቃል። በሁለተኛው ሳምንት ቀልዱ ያው ነው፣ ሳቁ ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት ሥጋ ሲቆርጥ ሰው እጁን ዝም ብሎ ያያል።

እኔ አንድ ነገር አውቅ ነበር፤ ቁምነገር አልመሰለኝም እንጂ። በሦስተኛው ቅዳሜ ገመድ ላላብኝና ላጠብቅ ወደ ፊት ዞርኩ። እጁ ያን ጊዜ ነው የወጣው። ቀኝ ነበር። ተመልሼ ወደ ጀርባ ስመጣ ግራ ሆነ። ሸማኔ ነኝ፣ የጨርቅ ፊትና ጀርባ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ለጥለት የሠራሁት ወፍ በፊት በኩል ወደ ደሴ ካየች በጀርባ በኩል ወደ አንኮበር ታያለች። ነገሩ አስደሰተኝና ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ንጋት ላይ የጭቃ ሹሙ በቅሎ በረቷ ውስጥ ተወግታ ሞታ ተገኘች። ጭቃ ሹሙ ለጣሊያን ሰው የሚሰበስብ፣ ግመል የሚሰበስብ ሰው ነው። የጓደኛዬንም ሁለት ግመሎች ድንጋይ እንዲጭኑ ወስዶበት ነበር፤ አንዷ ተሰብራ ነው የተመለሰችው። ጓደኛዬ ይህን በአደባባይ ሲራገም ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ጭቃ ሹሙ አገሩን ሰብስቦ አጭር ነገር ተናገረ። "እስከ ጁምዓ ሰውየውን አውጡ። ካላወጣችሁ ለጣሊያን ካምፕ አመለክታለሁ፤ ካምፑ ደግሞ ስም አይጠይቅም፤ ያገኘውን ነው የሚወስደው። ካወጣችሁ እሱን አስረክባለሁ፣ እናንተ ትድናላችሁ።" የሚረከበው ሰው ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ካምፑ በር ላይ ግራር አለ፣ ከግራሩ ላይ ገመዱን አያወርዱትም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሾላው ሥር ተቀመጥን። ሰብሳቢው ቁርኣን የሚያስቀሩት ሸህ ነበሩ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው። ቀኑን ሙሉ ሰው አንድ በአንድ እየተነሳ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ይላል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሐሙስ ከቀትሩ የዝሁር ሶላት በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ወፍ ተናግራለች" አሉ። "ሰኞ ምሽት በበረቱ አጥር ጥግ ሰው ሲያልፍ ታይቷል። ፊቱ አልታየም። ቢላዋው በግራ እጁ ነበር።"

ማንም ስም አልጠራም። ሁላችንም ግን አንገታችን ዞረ። የእኔም ዞረ፤ ይህን አልክድም። በዚያች ቅጽበት ጓደኛዬን ሳየው መጋረጃ ከኋላው ያለ መሰለኝ፣ ጥላው ከእሱ ቀድሞ የመጣ መሰለኝ። አብሬው ውሃ የተራጨሁት ሰው ነው።

"ቤቴ ነበርኩ" አለ ጓደኛዬ። "ብቻዬን ነበርኩ። ወላሂ ነው የምላችሁ።"

የጭቃ ሹሙ ሰዎች ሲያስሩት ተነሳሁ። "ጋሼ የነገረንን ረሳችሁት? መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ አይደለም" አልኩ።

አንዱ ከኋላ ሳቀ። "ያ የጨርቁ ሕግ ነው፣ የእኛ አይደለም።"

"እጁስ?" አልኩት። "እጁ የእኛ ነው?"

አፌ ነው ቀድሞ ያለው፣ ልቤ የገባው በኋላ ነው። ተቀመጥ አሉኝና ተቀመጥኩ። ግን ከዚያ በኋላ የተናገሩትን አልሰማሁም። ቢላዋ የያዘ ግራ እጅ እኛ ያየነው በአንድ ቦታ ብቻ ነው።

የምሽቱ ሶላት፣ መግሪብ፣ ከመድረሱ በፊት ወደ ጭቃ ሹሙ ግቢ ሄድኩ። ጓደኛዬ ከግንድ ጋር ታስሮ ተቀምጧል። ውሃ አጠጣሁት።

"አንተም ትጠይቀኛለህ?" አለኝ።

"አልጠየቅኩህም።"

"ዓይንህ ጠየቀኝ። ሾላው ሥር አይቼሃለሁ።"

ቅሉን ከከንፈሩ አነሳሁ። "ነገ ጨርቁን አመጣለሁ" አልኩት።

"መገነዣ ነው?"

"አይደለም። ዝም ብለህ እደር።"

"ሌላ ምን አቅም አለኝ" አለና ፊቱን አዞረ።

ጁምዓ ጠዋት ጨርቁን ተሸክሜ አገሩ ወደተሰበሰበበት ሾላ ሄድኩ። የኑግ ዘይት በዋንጫ፣ የምጣድ ጥላሸት በቅጠል ይዣለሁ። ሚስቴ ከበር ላይ "ያ የጣሊያን ጨርቅ ነው፣ ታውቃለህ?" አለችኝ። "አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት" አልኳት። "እሱን ለነሱ ንገራቸው" አለችና ገባች።

"ሸህ፣ አንድ ነገር ላሳይ" አልኩ።

"የምታመጣው ሰው ነው ወይስ ዕቃ?"

"ዕቃ ነው።"

"ዕቃ አይምልም። አሳይ።"

ጨርቁን በሁለት ግራር መሐል ዘርግቼ አሰርኩት። ግማሹን ሰው በዚህ በኩል፣ ግማሹን በዚያ በኩል አስቀመጥኩ። ተው ያለኝ ነበረ፤ አልተውኩም። እኔ ከያዝኩ አልለቅም፤ ይህን አገሩ ያውቀዋል። ጥላሸቱን በዘይቱ ለውሼ በጣቴ ሰው ሳልኩ። ራስ፣ ባርኔጣ፣ ሆድ፣ ሁለት እግር። በአንድ እጁ ቢላዋ። ሥዕል ተምሬ አላውቅም፤ ሰውየው ድንች መስሎ ነው የወጣው። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ። ዘይት በጥጥ ውስጥ ለመሄድ ጊዜ ይፈልጋል። ሦስት መቶ ሰው ዝም ብሎ እድፍ ሲሰፋ አየ። ፀሐይዋ በጨርቁ ውስጥ ታልፋለች፣ ሰውየው ቀስ እያለ በዚያ ማዶ ይወጣል፣ ከጭጋግ ውስጥ ወደ እኛ እንደሚመጣ መንገደኛ። ዛሬም ሳስበው ያ ጊዜ ረጅም ነው፤ አንዳንዴ ገና እዚያው የቆምኩ ይመስለኛል።

"ቢላዋው በየትኛው እጁ ነው?" አልኩ በስተፊት ያሉትን።

"በቀኙ ነዋ።"

"እናንተስ?"

"በግራው" አሉ ከማዶ።

"ምን ነካችሁ፣ በቀኙ ነው" አሉ እነዚህ።

"እናንተ ታውራችኋል እንዴ? በግራው ነው።"

ሊጣሉ ሆነ። አንዱ ከማዶ የማንንም እናት መሳደብ ጀምሮ ነበር። ሸሁ ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። በዚህ በኩል ቆመው አዩ። ዞረው ሄደው በዚያ በኩል አዩ። ተመልሰው መጡ። ከዚያ የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አደረጉ።

"ይህ የጨርቅ ጨዋታ ከበቅሎዬ ጋር ምን አገናኘው?" አለ ጭቃ ሹሙ።

"እኔም የምለው ይህንኑ ነው" አልኩት። "ቅዳሜ ያየነው እጅ ከፊት ለሚያየው ቀኝ ነው። እኛን ከጀርባ ስላስቀመጡን ግራ ሆነብን። ያ እጅ በዓለም ላይ የለም። ወፏ ያየችው ይህንን እንዳይሆን እፈራለሁ። የት እንዳየችው ትጠየቅልኝ።"

"ወፍ አትጠየቅም" አሉ ሸሁ። ድምፃቸው ግን ያዘነ ነበር።

እዚያ ላይ ሁሉ ነገር ቆመ። ሸሁ ልማዱን አይጥሱም፣ እኔ ማንነቱን አላውቅም፣ ጁምዓም እያለፈ ነው። ጭቃ ሹሙ ሰዎቹን በዓይኑ ጠራ። ያን ጊዜ ነው ከማዶ በኩል፣ ከጨርቁ ጀርባ፣ ማሽላ ጠባቂው አዛውንት ሲነሱ ጥላቸውን ያየሁት።

"እኔ ነኝ" አሉ።

"ይቀመጡ አባባ" አላቸው አጠገባቸው ያለው።

"አልቀመጥም። ሦስት ቀን ተቀምጬ ነው እዚህ የደረስኩት።" ጨርቁን ዞረው ወደ ሸሁ መጡ። "ሸህ፣ ማማዬ ላይ ነበርኩ፤ በረቱ ከዚያ ይታያል። ሰው በአጥሩ ጥግ አለፈ፤ ይህ እውነት ነው፣ ወላሂ። ፊቱንም እጁንም አላየሁም። ከዚያ አሸለበኝ። ያቺ ሴት ማሽላው መሐል ተቀምጣ ፀጉሯን ታበጥራለች። ወንጭፌን ላነሳ እላለሁ፣ ክንዴ አይነሳም። እጁ ከአገዳው ውስጥ ወጣ። ነቃሁ። ጠዋት በቅሎዋ ሞተች ሲሉኝ፣ እጁን ያየሁት አጥሩ ጥግ መሰለኝ። አይቶ ዝም ያለ እንዳልባል ፈጥኜ ተናገርኩ።" ወደ ሥዕሌ ዞረው ብዙ አዩት። "ይህ ነው" አሉ። "ከዚህ ነው የመጣው።"

ወፍ በራሷ አፍ ስትናገር ከዚያ በፊት አልሰማሁም፣ ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። አዛውንቱ ከዚያች ቀን በኋላ ማንም የማይነግራቸው፣ እሳቸውም ለማንም የማይነግሩ ሰው እንደሚሆኑ ያውቁ ነበር። ቆመው ጢማቸውን ይጎትቱ ነበር።

አንዱ ቀልደኛ "ቀኝ ከሆነ እንግዲህ ሁላችንም ነን" አለ። ሳቅ ተነሳ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ደከመ፤ ነገሩ እውነት ነው።

ሸሁ "ሁላችንም ነን" አሉ ቀስ ብለው፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ሰው። "ሰውየው አልወጣም። ሰው ካልወጣ የጠፋውን አገሩ ይተካል፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። በቅሎ በበቅሎ። ጭቃ ሹም፣ በቅሎ ከተተካልህ ለካምፑ የምትነግረው ነገር አለ?"

ጭቃ ሹሙ አሰበ። በገመድ የተሰቀለ ሰው አይጋለብም። "ከሟቿ ያነሰች አልቀበልም" አለ።

ጓደኛዬን ፈቱት። ጥጥ ያለው ጥጥ፣ ማሽላ ያለው ማሽላ አዋጣ፤ አሊዩ አምባ ወስዶ ሸጦ፣ ከደጋ የወረደች በቅሎ ገዝቶ የሚመጣ ሰው ሲፈለግ መንገዱንም ገበያውንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ሆነ። ትናንት ላሰሩት ሰው ያላቸውን ሁሉ ጫኑለት። ጭነቱን አጥብቆ ሄደ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። ጨርቁን በአመድና በእንዶድ አሸሁት፤ ዘይት አልለቀቀም። ሰቀልኩት። ምን ላድርግ? የዘፈን ሥዕል ነበር የመጣው። ነጮቹ አዳራሽ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲደንሱ የእኔ ድንች ሰውዬ ቢላዋውን ይዞ መሐላቸው ቆሟል። አዳራሹ ሲጠፋ ባሕር መጣ፣ እሱ ባሕሩ ላይ ቆሟል። መርከብ በሆዱ ውስጥ አለፈ። ሙሽራ መጥታ ስትዘፍን ባርኔጣው ከጉንጯ ጋር ተጣበቀ። ወታደሮቹ በየሥዕሉ እሱን እየፈለጉ ያጨበጭቡ ጀመር፤ ከጀርባ እኛም ሳቅን፤ በአንድ ነገር አብረን የሳቅነው ያን ማታ ብቻ ነው። አለቃቸው ሌላ ጨርቅ እንድሠራ አዘዘ፣ ጋሼንም በጥፊ መታው። ጋሼ ጉንጩን ይዞ ወደ እኔ መጣና "የአንተ ሰውዬ ከሁሉም በልጦ ሠራ" አለኝ።

ጓደኛዬ በስምንተኛው ቀን ቡላ በቅሎ እየሳበ ተመለሰ። ጭቃ ሹሙ ጥርሷን አየ፣ እግሯን አነሳ፣ ተቀበለ። በቃ፣ ነገሩ ተዘጋ። ጓደኛዬ ከዚያ ቤቴ መጣ፤ ከሽመናዬ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ከውስጥ ነኝ፣ ድሩ በመሐላችን ተዘርግቷል።

"ያ የሳልከው ሰውዬ እኔ ነኝ ይባላል" አለኝ።

"ማንም አይደለም፤ ሰው ብቻ ነው።"

"አፍንጫው የእኔ ነው አሉ።"

"አፍንጫ አልሠራሁለትም።"

ሳቀ። ከታሰረ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ አሊዩ አምባ ቤት ማግኘቱን፣ ከእንግዲህ እዚያ እንደሚቀመጥ ነገረኝ።

"ለምን? ተፈትተህ የለም ወይ?"

"ተፈትቻለሁ። አሁን ስመጣ ወንዙ ላይ ጎንበስ ብዬ ውሃ ጠጣሁ። አምስት ሰው ነበረ፣ አምስቱም እጄን አየ። አንተም ስገባ አየኸው።"

"አላየሁም" አልኩት። አይቼ ነበር።

ተነሳ። ሚስቴ ስንቅ ቋጥራ ሰጠችው። እስከ መንገዱ ሸኘሁት። ግመሎቹ በሙቀቱ ውስጥ እየቀለጡ ሲሄዱ፣ እግራቸው ጠፍቶ ጭነታቸው ብቻ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ቆሜ አየሁ። ገመዱን በቀኝ እጁ ይዞት ነበር። መሪው ግመል አልለመደውም፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ አንገቱን አዙሮ ያየዋል፣ እሱም "ና፣ ና" እያለ በዚያ በማይታዘዝለት እጁ ይስበዋል።